ገንቦው ለምን ደረቀ? ነፍሳት በል ተክሎችን በቤት ስለማሳደግ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ቅጠላቸው እንደ ገንቦ ተቦርቡሮ ነፍሳትን የሚይዙ ተክሎች በየቤቱ መስኮት ላይ መታየት ጀምረዋል። ከነሱም ጋር ጥያቄዎች መጡ። የሚደርሱን ደብዳቤዎች መልካቸው ይለያይ እንጂ አብዛኞቹ ከአንድ ቦታ ይነሳሉ፤ ተክሉ ከፍቅር ብዛት ይጎዳል። ለም አፈር ይሰጠዋል፣ ማዳበሪያ ይጨመርለታል፣ ሥጋ ይጎርሳል። እሱ ግን ሥሩ ምግብ ከማይገኝበት ረግረግና ድንጋያማ ቦታ ጋር የተላመደ ነው። ነፍሳት ማጥመድ የጀመረውም አፈሩ ያልሰጠውን ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ከሌላ ቦታ ለማግኘት ነው።

ጥያቄ፦ ተክሉ በስጦታ ከደረሰኝ ስድስት ሳምንት ሆኖታል። ሲመጣ ሰባት ገንቦ ነበረው፤ አሁን ሁሉም ከክዳናቸው ጀምረው ደርቀዋል። ቅጠሉ ግን አረንጓዴ ነው፣ አዲስ ቅጠልም ያወጣል። በየቅጠሉ ጫፍ ያለችው ክር ትረዝምና ጫፏ ጠቁሮ ትቀራለች። እየሞተብኝ ነው?

መልስ፦ እየሞተ አይደለም። ገንቦው በቅጠሉ ጫፍ ካለች ክር ላይ የሚንጠለጠል ከሆነ ተክሉ ኔፔንቲስ ነው። ኔፔንቲስ ቦታ ሲቀየርበት መጀመሪያ የሚጥለው ገንቦውን ነው። የነበሩት ሰባቱ በችግኝ ቤት ሙቀትና እርጥበት ውስጥ ያደጉ ስለሆኑ የመኖሪያ ቤት ደረቅ አየር አልተስማማቸውም። ለመላመድ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይፈጅበታል። የክሯ ጫፍ አንዴ ከጠቆረ ያ ቅጠል ከእንግዲህ ገንቦ አይሠራም፤ ተስፋው ቀጥሎ በሚመጣው ቅጠል ነው። ቅጠሉን ግን አይቁረጡት፤ ገንቦ ባይኖረውም ከብርሃን ምግብ መሥራቱን አላቆመም። ገንቦውንም ቢሆን የደረቀውን ክፍል ብቻ ይቁረጡ፤ ግማሹ አረንጓዴ ከሆነ አሁንም እየፈጨ ነው።

ሦስት ወር አልፎም ገንቦ ካላወጣ ግን ከብርሃኑ ይጀምሩ። ብዙ ሰው የሚጠረጥረው የአየሩን እርጥበት ነው፤ በቤት ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የብርሃን ማነስ ነው። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ፣ ሰፊና ልፍስፍስ ከሆነ ብርሃን አንሶታል። ጠንከር ብሎ ቀለል ያለ አረንጓዴ ከሆነ፣ ጠርዙም ትንሽ ቀላ ካለ ደህና ነው። በጠዋት ለሁለት ለሦስት ሰዓት ያህል ፀሐይ የሚያገኝ መስኮት ይመረጣል፤ የእኩለ ቀንን ፀሐይ በስስ መጋረጃ ይከላከሉለት። እንዲህ ያለ መስኮት ከሌለ ነጭ የኤልኢዲ መብራት ከተክሉ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ይስቀሉና በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት ያብሩለት።

እርጥበቱን በግምት ሳይሆን በመለኪያ ይወቁት። ከ50 በመቶ በላይ ከሆነ አብዛኞቹ ድቅሎች ገንቦ ይሠራሉ፤ ከ40 በታች ሲወርድ የክሮቹ ጫፍ መድረቅ ይጀምራል። ውሃ መርጨት የሚያረካው የሚረጨውን ሰው ነው፤ እርጥበቱ በደቂቃዎች ውስጥ ወደነበረበት ይመለሳል። ተክሉን ከማሞቂያና ከአየር ማቀዝቀዣ ማራቅና ከሌሎች ተክሎች ጋር ማጠጋጋት የበለጠ ይረዳል። በጣም ደረቅ ቤት ከሆነ ግልጽ ፕላስቲክ ያልብሱትና አዲስ ገንቦ ከታየ በኋላ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየከፈቱ በሁለት ሳምንት ያላቅቁት። በየሳምንቱ ቦታ አይቀያይሩለት፤ በቀየሩ ቁጥር መላመዱ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

የሙቀቱ ነገር እንደ ዝርያው ነው። የቆላ ዝርያዎች ቀን ከ24 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይወዳሉ፣ ሌሊትም ከ18 በታች እንዲወርድባቸው አይፈልጉም። የደጋ ዝርያዎች ደግሞ ሌሊቱ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ካልቀዘቀዘላቸው ቀስ በቀስ ይደክማሉ። ስም ሳይጻፍበት በአበባ መሸጫ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ቬንትራታ የሚባለው ድቅል ነው። ቻይ ስለሆነ ሰው የሚመቸው ሙቀት ለሱም ይመቸዋል።

ጥያቄ፦ የቧንቧ ውሃ አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ ነው የማጠጣው። ቢሆንም በአፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት እየወጣ ነው። ሻጋታ ነው?

መልስ፦ ጥጥ የሚመስልና ሲነኩት የሚለሰልስ ከሆነ ሻጋታ ነው። ደረቅና የሚፈረፈር ከሆነ ግን በውሃው ውስጥ የነበረ ማዕድን ነው፤ ከሁለቱ የሚያሰጋውም እሱ ነው። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ማዕድን አያወጣም። ጥቂት ኖራ በማፍያው ግድግዳ ላይ ይጋገራል፤ የቀረው እዚያው ውሃው ውስጥ ነው። ከፊሉ ውሃ በእንፋሎት ስለሚሄድ እንዲያውም ይወፍራል።

ለእነዚህ ተክሎች የሚሆነው የዝናብ ውሃ፣ ዲስትልድ ውሃ (ተንኖ እንደገና ወደ ውሃነት የተመለሰ) ወይም በሪቨርስ ኦስሞሲስ (እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳ ባለው ስስ ማጣሪያ) የተጣራ ውሃ ነው። ቲዲኤስ የምትባለዋ ትንሽ መለኪያ በውሃ ውስጥ የሟሟውን ነገር መጠን ታሳያለች። ከ50 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 50 እጅ) በታች ከሆነ ያለ ሐሳብ ያጠጡ። ከ50 እስከ 100 ያለውን ኔፔንቲስ ይታገሰዋል፤ ነገር ግን አልፎ አልፎ አፈሩን በንጹሕ ውሃ ማጠብ ያስፈልጋል። ከዚያ በላይ ሲሆን ጉዳቱ የጊዜ ጉዳይ ነው። የታሸገ የማዕድን ውሃ ስሙ ራሱ ይናገራል። የከሰል ማጣሪያ ያለው ማሰሮ ክሎሪንና ሽታ ይቀንሳል እንጂ ቁጥሩን እስከሚፈለገው ድረስ አያወርደውም። ከሁሉ የባሰው በጨው የሚሠራ ውሃ ማለስለሻ ነው፤ ካልሲየሙን ወስዶ በምትኩ ሶዲየም ይሰጣል።

አሁን ቅርፊቱን ከላይ በማንኪያ ያንሱት። ከዚያ የመትከያውን ይዘት ሦስትና አራት እጥፍ የሚሆን ንጹሕ ውሃ ቀስ እያሉ ከላይ ያፍሱና ከታች ሙሉ በሙሉ እንዲወርድ ይተዉት። በሳምንቱ ይድገሙት። የዝናብ ውሃ ከጣሪያ ሲያጠራቅሙ የመጀመሪያውን 10 ደቂቃ ዝናብ ይልቀቁት፤ አቧራውንና የወፍ ኩሱን አጥቦ የሚመጣው እሱ ነው። ዕቃውንም ይክደኑት። ንጹሕ ውሃ አልቆ ተክሉ ሊደርቅ ከሆነ ደግሞ ለጥቂት ቀን የቧንቧ ውሃ ቢሰጡት ይሻላል። ድርቀት በቀናት ይገድላል፣ ማዕድን ግን ታጥቦ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ከኮምፖስት ጋር በደንብ በተደባለቀ ጥቁር አፈር ከተከልኩት ወዲህ የቅጠሉ ጠርዝ እንደ ተቃጠለ ሆነ። ምን ጎደለው?

መልስ፦ የጎደለው የለም፤ በዝቶበታል። ኮምፖስት ውስጥ ያለው ጨው ሥሩን ያቃጥላል፤ ጠርዙ ላይ የሚያዩት የዚያ ውጤት ነው። ዛሬውኑ ያውጡት።

ለኔፔንቲስ ረጅም ጭረት ያለው ስፋግነም (የደረቀ የረግረግ ሽበት) እና ፐርላይት (በሙቀት የተነፋ ነጭ፣ ቀላል ድንጋይ) እኩል በእኩል ይደባለቁ። አየር እንዲበዛለት ከፈለጉ ለኦርኪድ የሚሸጠውን የጥድ ቅርፊት ጥቂት ይጨምሩ። ረግረግ ወዳዱ ሳራሴንያ (ገንቦው ከመሬት ቀጥ ብሎ የሚወጣው ዓይነት) ደግሞ ሁለት እጅ ፒት ሞስ (በረግረግ ውስጥ የበሰበሰ ሽበት) ከአንድ እጅ ፐርላይት ጋር ይበቃዋል። ፒት ሞስ ሲገዙ የከረጢቱን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ያንብቡ፤ ማዳበሪያ ወይም ኖራ ተጨምሮበት የሚሸጥ አለ፣ እሱ አይሆንም። በፐርላይት ፋንታ አሸዋ መጠቀም ካሰቡ ጥቂት ኮምጣጤ ጠብ ያድርጉበት። አረፋ ከሠራ ኖራ አለበት ማለት ነውና ይተዉት። የባሕር አሸዋ በጨዉ ምክንያት ከነጭራሹ አይታሰብም። የኮኮናት ጭረትም ብዙ ጊዜ ጨው ይዞ ስለሚመጣ ደጋግሞ ካልታጠበ አይታመንም።

ደረቅ ፒት ሞስ ውሃ ይገፋል። ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ ጨምረው በእጅዎ እያሹ ያርጥቡትና ሲጨምቁት ጥቂት ጠብታ ብቻ የሚወጣው ሲሆን ይትከሉ። ፐርላይቱን ከመንካትዎ በፊት ውሃ ያርከፍክፉበት፤ ደረቅ ብናኙ ለሳንባ ጥሩ አይደለም። መትከያው ፕላስቲክ ይሁን። የሸክላ መትከያ ማዕድን በግድግዳው ውስጥ እያጠራቀመ መልሶ ለሥሩ ይሰጠዋል። ለመካከለኛ ኔፔንቲስ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት በቂ ነው፤ ለሳራሴንያ ከስፋቱ ይልቅ ጥልቀቱ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይሁን።

አሮጌውን አፈር ሲያራግፉ የኔፔንቲስ ሥር ጥቁር፣ ቀጭንና ተሰባሪ ሆኖ ያገኙታል። በስብሷል ብለው እንዳይቆርጡት! የጤነኛ ሥር ቀለሙ ይኸው ነው። የበሰበሰ ሥር ሲጫኑት ይላላል፣ ልጡም ይንሸራተታል፣ ይሸታል። ሥሩን ሳይጎትቱ በንጹሕ ውሃ ውስጥ ነክረው አፈሩ በራሱ እንዲለቅ ያድርጉ፤ ከተከሉት በኋላ ድብልቁን አይጠቅጥቁት። ለሁለት ሳምንት ከቀጥታ ፀሐይ ያርቁት። ስፋግነም ከአንድ ከሁለት ዓመት በኋላ እየፈረሰ አየር ስለሚያሳጣ ያን ጊዜ መቀየሩ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ውሃ ያለበት ሳህን ላይ አስቀምጡት ያሉኝ አሉ፤ ይበሰብሳል ያሉኝም አሉ። የትኛውን ልስማ?

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚያወሩት ግን ስለተለያዩ ተክሎች ነው። ገንቦዎቹ ከመሬት ቀጥ ብለው እንደ ቀንድ የሚወጡ ከሆነ ሳራሴንያ ነው። የሰሜን አሜሪካ የረግረግ ተክል ስለሆነ በሚያድግበት ወቅት ከ1 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ውሃ ባለበት ሳህን ላይ ቢውል ደስ ይለዋል። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥታ ፀሐይም ይፈልጋል፤ ያለዚያ ገንቦው ቀጥኖ ይወድቃል። ኔፔንቲስን ግን እንዲህ ካስቀመጡት ሥሩ አየር አጥቶ ይታፈናል። የላዩ ስፋግነም እርጥበቱ መቀነስ ሲጀምር ከላይ አጠጥተው ከታች የወረደውን ይድፉ።

ጥያቄ፦ ልጆቹ ቁራጭ ሥጋና አይብ ሰጡት። ገንቦው ሸተተና ጠቆረ። ታዲያ ምን እንመግበው? ስንት ጊዜ?

መልስ፦ ገንቦው የሚያመርተው አሲድና ኢንዛይም የነፍሳትን ገላ ለመፍጨት የሚበቃ ነው። ሥጋና አይብ ሲገቡ ስቡና ብዛቱ ከአቅሙ በላይ ይሆንና ከመፈጨታቸው በፊት ባክቴሪያ ይቀድመዋል፤ ገንቦውም አብሮ ይበሰብሳል። የጠቆረውን ቆርጠው ይጣሉት፤ ተክሉ ራሱ አይጎዳም።

ከተከፈተ ሁለት ሳምንት ለሆነው አንድ ገንቦ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ አንድ ነፍሳ በቂ ነው፦ ዝንብ፣ ትንሽ በረሮ፣ ፌንጣ። መጠኑ ከገንቦው አንድ ሦስተኛ አይብለጥ። ገንቦው የሚነቃነቅ ወጥመድ ስላልሆነ የሞተ ነፍሳም ይሠራል፤ በመድኃኒት የተገደለ ግን አይሁን። ነፍሳ ካጡ አንድ ሁለት ፍሬ የዓሣ ምግብ ይጣሉበት። ሁሉንም ገንቦ መሙላት አያስፈልግም፤ ከአንዱ የተወሰደው ንጥረ ነገር ለመላው ተክል ይዳረሳል። ጭራሽ ባይመግቡትም አይሞት፤ ጉልበቱን የሚያገኘው ከብርሃን ነው። እድገቱ ብቻ ይዘገያል። ማዳበሪያ ግን አፈሩ ላይ በፍጹም አይጨምሩ።

ሁሉም ነፍሳት አዳኝ እንዳይመስልዎት። ኔፔንቲስ አምፑላርያ የሚባለው ክዳኑን ወደ ኋላ ገልብጦ ከዛፍ የሚረግፍ ቅጠል ያጠራቅማል። በቦርንዮ ተራሮች ያለው ኔፔንቲስ ሎዊ ደግሞ በክዳኑ ሥር የሚጣፍጥ ነገር እያቀረበ ትናንሽ አጥቢ እንስሳት እየላሱ በገንቦው ውስጥ እንዲጸዳዱ ያደርጋል። ማዳበሪያው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ተክሉ ሲደርሰኝ በጉዞ ተገልብጦ ፈሳሹ ፈስሷል። ውሃ ልሙላው?

መልስ፦ ኔፔንቲስ ከሆነ ንጹሕ ውሃ እስከ ገንቦው አንድ አራተኛ ድረስ ይጨምሩ፤ ገንቦው እንዳይደርቅ ያግዘዋል። ከዚያ በላይ ከሞሉት ኢንዛይሙ ይቀጥናል። ፈሳሹ ካልፈሰሰ ምንም አይጨምሩ። ከሳራሴንያዎች ፑርፑርያ ብቻ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ ዝናብ የሚያጠራቅም ስለሆነ ቤት ውስጥ ካለ በእጅ መሙላት ይገባል። ክዳን ያላቸውን ረጃጅሞቹን ይተዉአቸው፤ ውሃ ከሞሉባቸው ክብደቱ ያጎብጣቸዋል።

ጥያቄ፦ ሳራሴንያዬ ቀኑ ሲያጥርና ሲቀዘቅዝ ቡናማ ሆነ። ልጣለው ወይስ ወደ ሞቃት ክፍል ላስገባው?

መልስ፦ ሁለቱንም አያድርጉ። እንቅልፉ ነው። በየዓመቱ ከሦስት እስከ አራት ወር ከ0 እስከ 10 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ማረፍ አለበት። ሞቃት ክፍል አስገብተው እንቅልፉን ቢነጥቁት አንድ ዓመት ይችል ይሆናል፤ ሲደጋገም ግን እየደከመ ይሞታል። በሕይወት መኖሩን ለማወቅ ከአፈሩ በታች ያለውን ወፍራም ግንድ ይንኩት። ጠንካራ ከሆነና ሲጫሩት ውስጡ ነጭ ከሆነ ይነሳል። ልፍስፍስና ቡናማ ከሆነ አብቅቷል።

በእረፍቱ ጊዜ ሳህኑን ያንሱና አፈሩ እርጥብ ብቻ ይሁን። የሞተውን ቅጠል ይቁረጡ፤ ግራጫ ሻጋታ የሚነሳው ከዚያ ነው። በአካባቢዎ ብርድ ከሌለ ማቀዝቀዣ ይጠቀሙ። ቅጠሉን እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ቆርጠው፣ ግንዱን አጥበው፣ ውሃው ተጨምቆ በወጣለት እርጥብ ስፋግነም ጠቅልለው በፕላስቲክ ከረጢት የአትክልት መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡት። በየሁለት ሳምንቱ ከፍተው ሻጋታ መኖሩን ይመልከቱ። በሦስተኛው ወር መጨረሻ ይተክሉታል፤ ግንዱን ከፍሎ ማባዛትም የሚቀልለው ያን ጊዜ ነው። ይህ ሁሉ ለሳራሴንያ ነው። ኔፔንቲስን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስገባ ሰው የሚያወጣው ሬሳ ነው።

ጥያቄ፦ ኔፔንቲሴ ግንዱ አንድ ሜትር ደርሶ ከታች ራቁቱን ቀርቷል። መቁረጥ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ሁለት ተክልም ይሆንልዎታል። በአልኮል በተጠረገ ምላጭ ከላይ ሁለት ወይም ሦስት ቅጠል ያለውን ክፍል ሰያፍ አድርገው ይቁረጡ። ውሃ እንዳያባክን የየቅጠሉን ግማሽ ያንሱ። የታችኛውን የቅጠል መውጫ ቦታ በእርጥብ ስፋግነም ውስጥ ቀብረው ግልጽ ከረጢት ያልብሱትና ከ22 እስከ 28 ዲግሪ፣ ብርሃን እንጂ ቀጥታ ፀሐይ በሌለበት ቦታ ያቆዩት። ሥር ለማውጣት ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይፈልጋል። አዲስ ቅጠል ስላዩ ሥር ይዟል ማለት አይደለም፤ በግንዱ ውስጥ በነበረው ስንቅም ሊያቆጠቁጥ ይችላል። ቀስ አድርገው ሲስቡት ከያዘዎት ያን ጊዜ ከረጢቱን በየቀኑ እየከፈቱ ያላምዱት። የቀረውን ጉቶ አይንቀሉ፤ ከጎኑ ያቆጠቁጣል። ዘር ለማግኘት ግን አንድ ተክል አይበቃም፤ በኔፔንቲስ ወንዱና ሴቷ የተለያዩ ተክሎች ናቸው።

ጥያቄ፦ ነፍሳት በል ሆኖ ሳለ እሱ ራሱ ተባይ ይይዘዋል?

መልስ፦ ይይዘዋል። ክሽክሽና ነጭ ጥጥ የሚመስለው ተባይ ከቅጠሉ ላይ ሳይነሱ ጭማቂውን ስለሚመጥጡ ወደ ገንቦው አይገቡም። አዲሱ ቅጠል ተጣሞ ከወጣ እምቡጡን በአጉሊ መነጽር ይመርምሩ። ጥጥ መሳዩን 70 በመቶ አልኮል በነካ ጥጥ እያንዳንዱን ይንኩት፤ እንቁላሉ ስለሚፈለፈል በሳምንት አንዴ እየተደረገ ሦስት አራት ጊዜ ይደጋገም። ክሽክሽ የወረረው ሳራሴንያ ከሆነ መትከያው ከነተክሉ አንድ ቀን በዝናብ ውሃ ውስጥ ተደፍቆ ይቆይ። የሳሙና ርጭትና መዳብ ያለበት የሻጋታ መድኃኒት ቅጠሉን ሊያቃጥሉ ስለሚችሉ ይቅሩ።

ጥያቄ፦ መኝታ ቤት ባስቀምጠው ቢንቢ ያጠፋልኛል?

መልስ፦ አያጠፋም። ገንቦው የሚስበው የአበባ ማር የመሰለ ጣፋጭ የሚፈልጉትን ነው፤ ጉንዳን፣ ዝንብና ተርብ ይበዙበታል። ደም የምትፈልግ ቢንቢ እርስዎን ትመርጣለች። እንዲያውም ዋዮማይያ ስሚታይ የምትባል የሰሜን አሜሪካ ቢንቢ እንቁላሏን የምትጥለው በፑርፑርያ ገንቦ ውስጥ ነው፤ እጮቿም ሌሎች ነፍሳት በሚሟሙበት በዚያው ውሃ ውስጥ እየዋኙ ያድጋሉ።